አቡኪዎቹ

ትራክተሩ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰምጥ ዳናይት ከተሳቢው ላይ ዘላ ወረደች። ጭቃው እስከ ጉልበቷ ዋጣት። ይሄ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ጫማ ይበላል። የግራ ጫማዋን በእጇ ጎትታ አወጣችና ወደ ተሳቢው ወረወረችው።

"ያ ኡኽቲ፣ እህቴ፣ ተቀመጪ" አለ ያዕቁብ ከመሪው ላይ ሳይዞር። "አንቺ ስለገፋሽው አይወጣም።"

"አንተም ስለነዳኸው አልወጣም።"

ያዕቁብ ሳቀ። አባቱ ገዳሪፍ ገበያ ውስጥ የኖሩ የሀበሻ ነጋዴ ናቸው፤ እሱም እዚያው ነው የተወለደው። ዝናቡ ሲገባ መኪና ሁሉ ይቆማል። የሱ ቀይ ትራክተር ብቻ ከከተማው ወደ ስደተኞቹ ካምፕ ይመላለሳል። ሰው ይጭናል፣ ጨው ይጭናል፣ አንዳንዴም ሬሳ።

ሐምሌ 2016 ነበር። ጦርነቱ ሲንጃ ገብቶ ሁለት ሳምንት አልፎታል። ከዚያ ወዲህ በሀዋታ በኩል ሰው ሳይቋረጥ ይመጣል፤ በእግር፣ በአህያ፣ በጋሪ። ከአራት ዓመት በፊት ተከዜን ተሻግረው ሱዳን የተጠጉት ሰዎች፣ አሁን ሱዳኖቹ ራሳቸው ሸሽተው ወደነሱ ሲመጡ ቆመው ያያሉ።

ተሳቢው ላይ የቀሩት መምህር ኣጽብሃ ናቸው። ሑመራ ሃያ ስድስት ዓመት እንግሊዝኛ አስተምረዋል። ያን ጊዜ ወንዙን ሲሻገሩ፣ ሰው ልጁን፣ ሰው ፍየሉን ሲሸከም፣ እሳቸው የተሸከሙት አንድ ወፍራም መዝገበ ቃላት ነው። ሱዳን ሲገቡ ወድ ኤል ሒለው ላይ ዝናብ መታውና ከኤ እስከ ሲ ያለው ረገፈ። የተረፈውን በፌስታል ጠቅልለው ዛሬም እንደ ሕፃን ታቅፈውታል።

"መምህር፣ ይውረዱ እስቲ። ተሳቢው ይቅለል።"

"መጽሐፉንስ?"

"መጽሐፉን ይዘው ይውረዱ!"

ወረዱ። ዳናይት የማሽላ አገዳ ከመንገዱ ዳር እየነቀለች ከጎማው ሥር መጎስጎስ ጀመረች። ያናደዳት ጭቃው አልነበረም። ደረቷ ውስጥ የሸጎጠችው ደብዳቤ ነው።

ካምፑ ውስጥ አንድ ፉርን አለ፤ ዳቦ መጋገሪያ። ዘጠኝ ሴቶች ናቸው የሠሩት፣ እሷ አንዷ ናት። ፉርኑንም፣ አጠገቡ ያለውን የዱቄት መኽዘንም፣ ጭቃውን በእግራቸው አቡክተው፣ ገለባ ቀላቅለው፣ በእጃቸው ለስነው ነው ያቆሙት። እህል የሚሰጠው ድርጅት የብረት በር፣ መቆለፊያና አንድ የቆርቆሮ ታፔላ ላከ። ታፔላው በእንግሊዝኛ "የሌዲዎች ዳቦ ቤት" ይላል። ቁልፉ ግን ለሃየሎም ተሰጠ።

ሃየሎም አሚን መኽዘን ነው፤ የመጋዘኑ ጠባቂ። ሰው ሁሉ አሚን ነው የሚለው። ቁልፉን በቀይ ሲባጎ አንገቱ ላይ ያንጠለጥላል። ሴቶቹ ጎህ ሲቀድ ይገባሉ፣ እሱ እያየ ዱቄት ይሰፍራሉ፣ እዚያው ያቦካሉ። ሊጡን ይዘው ወደ ፉርኑ ሲወጡ በሩ ላይ ይሰለፋሉ።

"አራግፊ" ይላል። ቀሚሳቸውን ያራግፋሉ።

"መዳፍ" ይላል። መዳፋቸውን ይዘረጋሉ።

ሦስት ዓመት፣ በየቀኑ። ከዘጠኙ ትልቋ፣ ኣደይ ለተትንሳኤ፣ ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ ልትወልደው ትችል ነበር። አንድ ቀን ከጥፍሯ ሥር ሊጥ አየና "እሱንም መልሺ" አላት። ፈልቅቃ መለሰች። ዳናይት ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

የወር እህል መታደል ካቆመ ቆይቷል፤ ለብዙ ቤት የቀኑ ምግብ ያቺ ዳቦ ናት። አሁን ደግሞ ድርጅቱ ሊወጣ ነው ተባለ። ሴቶቹ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ ሁለተኛ ቁልፍ። ዳናይት ገዳሪፍ የሄደችው ለሱ ነው፣ መምህርም ለማስተርጎም። ቢሮው ውስጥ ካርቶን እየታሸገ ነበር። አንዲት ፈረንጅ ፈገግ ብላ ደብዳቤ ሰጠቻቸው። "ውድ ሌዲዎች" ይላል።

"ምስጋናውን ይዝለሉት" አለች ዳናይት።

መምህር ዘለሉት። የቀረው አንድ መስመር ነበር። ቁልፉ በኃላፊው እጅ ይቆያል።

ከፊት ለፊት ሌላ ትራክተር መጣ። መንገዱ አንድ ነው፤ እነሱ ካልወጡ እሱ አያልፍም። ሹፌሩ እየተሳደበ ሰንሰለት አወጣ። ዳናይት ቀና ብላ ተሳቢውን አየች። ሃየሎም ተቀምጧል። ከጎኑ ሚስቱ፣ ሆዷ ገፍቷል። ፍራሽ፣ ሁለት ሻንጣ። ቀዩ ሲባጎ አንገቱ ላይ ነው።

"አሚን፣ ወዴት ነው?"

"ገዳሪፍ። እሷ ቀኗ ደርሷል። የጦርነቱን ወሬም ሰምተሻል።"

"ቁልፉስ?"

እጁ ወደ ደረቱ ሄደ።

"ለኣደይ ለተ ትተህላት ብትመጣ ምን ነበረበት?"

"ፈርሜበታለሁ ዳናይት። አንድ ጆንያ ቢጎድል የምታሰረው እኔ ነኝ፣ አንቺ አይደለሽም።"

"ሰዉ ምን ይብላ?"

"ሦስት አራት ቀን ነው። ይታገሥ።"

"ሕፃን አራት ቀን ይታገሣል? እስቲ በሆዷ ላለው ንገረው!"

ሚስቱ አቀረቀረች። ሃየሎም ፊቱ ጠቆረ። "መቆለፊያውን የነካ የራሽን ካርዱ ይሰረዛል። ደንቡን ታውቂዋለሽ። ደግሞ ገዳሪፍ ምን አሉሽ?"

ዞራ ሰንሰለቱን አየች። ገባው። ሰንሰለቱ ተወጥሮ ቀዩን ትራክተር ከጉድጓዱ ጎትቶ አወጣው፣ የሱም ሹፌር ማርሽ አስገባ።

"በይ ደህና ግቢ" አለ ሃየሎም ከላይ ሆኖ። "ሌዲ ዳናይት!"

ሹፌሩ ሳቀ። ዳናይት ጭቃ ዘገነች፣ እጇን አነሳች፣ ከዚያ ሚስቱን አየች። ጭቃውን መሬት ጣለችው።

ቀዩ ትራክተር ሲነሳ ዳናይት ተሳቢው ላይ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

"መምህር፣ ይሄ ሌዲ የሚሉት ምንድነው?"

"የተከበረች ሴት። እመቤት እንደማለት።"

"ጓንት ያጠለቀች፣ ቦርሳ የያዘች። በሱ ነው አሚን የሚያላግጥብን።"

"አሁን እንዲያ ነው። መጀመሪያ ግን አልነበረም።" ፌስታሉን መፍታት ጀመሩ።

"ዝናብ ነው እኮ!"

"አባርቷል።"

አላባራም። ዳናይት ነጠላዋን ከራሷ አውርዳ በመጽሐፉ ላይ ዘረጋችላቸው። ኤል ጋ ደረሱ፤ ጣታቸውን በገጹ ላይ አወረዱ።

"እንግሊዝኛ እንግሊዝ አገር አልበቀለም" አሉ። ድምፃቸው የክፍል ድምፅ ሆነ። "የጀርመን ወገን የሆኑ ሕዝቦች ባሕር ተሻግረው ይዘውት የገቡት ነው።"

"ላጂኢን ነበሩ ይበሉኛ፣ ስደተኞች" አለ ያዕቁብ ከፊት።

"ካርድ አልያዙም። ሰይፍ ነው የያዙት። እና ያን ጊዜ ሌዲ አይባልም፣ ህላፍዲጌ ነው። ሁለት ቃል ተጣብቆ። ህላፍ ዳቦ ነው። ዛሬ ሎፍ የሚሉት እሱ ነው፤ ጀርመኖቹ ላይብ ይሉታል።"

"ብሬድ አይደል እንዴ ዳቦ?"

"ብሬድ ቢ ላይ ነው ልጄ። ወድ ኤል ሒለው ቀርቷል።"

ያዕቁብ እየሳቀ መሪውን ሊስት ነበር። ዳናይት አልሳቀችም። "ዲጌስ?"

"ዲጌ አቡኪ ናት። ህላፍዲጌ፣ ዳቦ አቡኪ።"

"ይድገሙት።"

"ሌዲ ማለት ሊጥ የምታቦካ ሴት ማለት ነበር።"

ትራክተሩ ተንገጫገጨ። ዳናይት ደረቷ ውስጥ ያለውን ደብዳቤ ነካ አደረገች። "ይቺ ፈረንጅ ታውቀዋለች?"

"አይመስለኝም። እነሱም ረስተውታል።"

"ወንዱስ? ሎርድ የሚሉት?"

መምህር መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ። ጭራሽ አቆሸሹት። "ሎርድ ህላፍዌርድ ነው። ዳቦ ጠባቂ።"

"አሚን መኽዘን!" ያዕቁብ መሪውን በጥፊ መታው። "ዋላሂ፣ አሚን መኽዘን ነው!"

"ሦስተኛም ነበር" አሉ መምህር። "ህላፍኤታ። ዳቦ በሊታ። በቤታቸው የሚያድር አገልጋይ፣ ተጧሪ።"

"እሱስ አሁን ምን ተባለ?"

"ምንም። ቃሉ ጠፋ።"

"ጠባቂውስ?"

"ጠባቂውማ ከበረ። መሬት ያዘ፣ ማዕረግ ሆነ፣ ንጉሡ ዘንድ ወንበር አገኘ። ኋላ እግዚአብሔርን ራሱን በዚያው ስም ጠሩት። ጌታ ሲሉ ሎርድ ነው የሚሉት።"

ዳናይት በሚንቀጠቀጠው ተሳቢ ላይ ቆመች።

"ምን ሠርቶ?"

"ማን?"

"ጠባቂው! ምን ሠርቶ? ያቦካችው እሷ። የጋገረችው እሷ። እጇን እሳት የላሰው እሷን። እሱ በር ላይ ቆመ። በር ላይ ስለቆመ ጌታ?"

"እኔ አይደለሁም እኮ ያልኩት…"

"እሷስ ጓንት አጥልቀውላት ከሊጡ አራቋት፤ አከበርንሽ ብለው። በሊታውን ደግሞ ጭራሹኑ ረሱት። በሊታው ማነው? እኛው ነን! ወይኔ! እኔ እኮ ይሄ ነገር ካምፕ ውስጥ የተጀመረ መስሎኝ ነበር። ስንት ዓመት ሆነው?"

"ከሺህ በላይ።"

"ሺህ ዓመት አራግፊ!"

መምህር መጽሐፉን አልዘጉም። የሚሰድብ ተማሪ የገጠማቸው ያህል ረጋ ብለው ጠበቁ።

"አልጨረስኩም። ዲጌ ከየት መጣ በይኝ።"

"ከየት መጣ?" አለች በቁጣ።

"ሊጥን ዛሬ ዶ ይሉታል፣ ጀርመኖቹ ታይግ። ከጀርመን ወገን ከሁሉ ቀድመው ቋንቋቸውን በሰፊው የጻፉት ጎቶች የሚባሉ ናቸው፤ እነሱ ጋ ዲጋን ነው። ማቡካት፣ ማበጀት። ግን ሊጥ አይደለም።"

"ታዲያ ምንድነው?"

"ጭቃ። ሸክላ ሠሪ እንደሚያበጀው። ግሪኮቹ ደግሞ ከዚያው ሥር ግድግዳ የሚለውን አወጡ። ሊጥ በኋላ ነው የመጣው ዳናይት። መጀመሪያ ጭቃና ግድግዳ ነው። ጎቶች ስለ ፈጣሪ ሲናገሩ፣ ሰውን ያበጀው ሲሉ፣ በዚህ ቃል ነው።"

"ጠባቂ አላሉትም?"

"እዚህ ላይ አቡኪ ነው።"

ዳናይት ተቀመጠች። እጇን አየች። ጥቁሩ ጭቃ ደርቆ እስከ ክርኗ ተሰንጥቋል።

ከቁረይሻ መገንጠያው አጠገብ አንዲት ሴት ጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጣለች፣ ሁለት ሴት ልጆች ተደግፈዋታል። ዋፋ እባላለሁ አለች፤ ከሲንጃ ነው የመጣችው። ያዕቁብ ሳይጠይቃት ቆመላት። ትልቋ ልጅ ገና ሳትሳፈር በዓረብኛ "ዳቦ አላችሁ?" አለች።

ያዕቁብ ወደ ዳናይት ዞረ።

"አለ" አለች ዳናይት። ከመቆለፊያ ኋላ ነው ልትል ነበር። "ከግድግዳ ኋላ ነው" አለች። ከዚያ ካምፑ እስኪደርሱ ከእጇ ላይ የደረቀውን ጭቃ ስትፈረፍር ነበር።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረሱ። ፉርኑ ቀዝቅዟል። መኽዘኑ ፊት ሰው ተከማችቷል፤ የካምፑ ሰው፣ አዲስ የመጡት፣ የሚያለቅስ ሕፃን። መሀል ላይ ኣደይ ለተትንሳኤ ድንጋይ ይዛ መቆለፊያውን ታያለች።

"ጣይው" አለች ዳናይት።

"አልጥልም። ካርዴን ይሰርዙት። እኔ ደግሞ ስንት ዓመት ልኖር ነው?"

"ካርድሽ ላይ አምስት የልጅ ልጅ አለ። ጣይው ኣደይ ለተ።"

ድንጋዩ ወደቀ። "ቁልፉን ሰጡሽ?"

"አልሰጡኝም።"

"እህ! ምን አሉሽ ታዲያ?"

"አመሰገኑን።"

ኣደይ ለተ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገረች። እንዲህ ያለ ቃል ከአፏ ሲወጣ ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ።

"መቆለፊያውን ማንም እንዳይነካ" አለች ዳናይት ጮክ ብላ። "መምህር፣ ደንቡን ያነበቡት እርስዎ ነዎት። ምን ይላል?"

"መቆለፊያ የሰበረ፣ በር የከፈተ፣ ካርዱ ይሰረዛል።"

"ግድግዳ ይላል?"

መምህር ደንቡን በጣታቸው ቆጠሩ። በእርጥብ ጺማቸው ውስጥ ፈገግታ መጣ። "ግድግዳ አይልም።"

"ኣደይ ለተ፣ ይሄን ግድግዳ ማን አቦካው?"

"ምን ማለትሽ ነው? እኛ ነና! ጉልበቴ እስከ ዛሬ ይጠዘጥዘኛል።"

"ገለባ ያለቀብን የቱ ጋ ስንደርስ ነው?"

አሮጊቷ ዓይኗን ጠበብ አድርጋ አየቻት። ገባት። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ ጓሮ ዞረች። ሌሎቹ ተከተሉ። የሰሜኑ ጥግ ጋ ቆማ ግድግዳውን በመዳፏ መታ መታ አደረገችው፣ እንደ ደረሰ ሊጥ። "እዚህ" አለች። "ያለ ገለባ ውሃ ቶሎ ያርሰዋል።"

አልናዱትም። የማያውቅ ሰው ነው የሚንደው። ጆንያ በውሃ ነክረው ለጠፉበት፣ እስኪጠጣ ጠበቁ፣ ከዚያ በአካፋ ጠርዝ እንደ ዳቦ ቆረጡት። የወጣውን ጓል ሁሉ ሸራ ላይ ከመሩት። "አንዲት እንዳትጠፋ" ትላለች ዳናይት፣ "መልሰን እናቦካታለን።" አንድ ሰው ከኋላ "ሌባ ይሉናል" አለ።

"ይበሉን። አንተ አቡክተኸዋል?"

"አይ።"

"እንግዲያው ውሃ ቅዳ።"

ቀዳዳው ሰው ሲያሳልፍ ኣደይ ለተ ቀድማ ገባች። ዱቄቱ ደርቋል፣ ዝናብ አልነካውም። የቀኑን ልክ ሰፈሩ፤ ከዚያ አዲስ ለመጡት ሰዎች ጨመሩ። ዋፋ ማንም ሳይጠራት እጇን ታጥባ ገባች፣ ገንዳው ዳር ተንበረከከች፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ሊጡ ውስጥ ነከረች። ልጆቿ በቀዳዳው አንገታቸውን አስግገው ያይዋታል።

የመጀመሪያው ሊጥ ደረሰ። ኣደይ ለተ ሳፋውን ተሸክማ ወጣች። ቀዳዳው ላይ ስትደርስ ቆመች። ሳፋውን አስቀመጠችና ቀሚሷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሊያይ የቆመ የለም።

ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ዳናይት ከውስጥ ትመለከታታለች። አሮጊቷ ቀሚሷን ለቀቀችው። ሳፋዋን አንስታ ሄደች።

ጀምበር ሳትገባ ዳቦ ወጣ። ለሕፃናት መጀመሪያ።

በማግስቱ ቀዳዳውን በር አደረጉት። ጭቃውን እንደገና አቦኩ። መምህር ኣጽብሃ ሱሪያቸውን ጠቅልለው ገቡበት፣ ቀጫጭን እግራቸው እየተንሸራተተ።

"መምህር፣ አሁን እርስዎን በጀርመንኛ ምን ይበሉዎት?" አለች አንዷ።

"እስክወጣ ጠብቂኝ፣ እፈልጋለሁ።"

መቃኑን ለስነው ጨረሱ። ለመዝጊያ የሚሆን እንጨት አልነበረም። ዳናይት የቆርቆሮውን ታፔላ አስታወሰች። ሃየሎም አምና "ለዳቦ ቤት ይሄ ሁሉ ስም" ብሎ ነቅሎት ማገዶ ይሸፈንበታል። አመጣችው። ለቀዳዳው ልክ ነው። በጎማ ማጠፊያ ሰቀሉት፤ ጽሑፉ ወደ ውጭ።

ሃየሎም በአራተኛው ቀን ተመለሰ፣ ብቻውን። እስከ ጭኑ ጭቃ ነው። ከትራክተሩ ወርዶ በቀጥታ ወደ መኽዘኑ መጣ። መቆለፊያውን አገላብጦ አየው። አልተነካም። ደስ አለው፤ ከጀርባው ያስታውቃል። ሲባጎውን ከአንገቱ አወጣ፣ ቁልፉን አስገባ፣ ዝገቱን ታገለው፣ ከፍቶ ቁልፉን ከነሲባጎው ነቀለ፣ የብረት በሩን በሁለት እጁ ገፋው።

ዘጠኙ ሴቶችና ዋፋ እያቦኩ ነበር።

ማንም ቀና አላለም። ሃየሎም በሩ ላይ ቆመ። ጆንያዎቹን አየ። ጣሪያውን አየ። ከዚያ በሰሜኑ ጥግ የሚገባውን ብርሃን፣ አዲሱን መቃን፣ ቆርቆሮውን አየ። ሄዶ በእጁ ዳሰሰው። ግድግዳው ከድሮው ይልቅ ወፍሯል።

"ማነው የፈቀደላችሁ?" አለ። ድምፁ ግን መሀል ላይ ሰለለ።

"ሚስትህ ተገላገለች?" አለች ኣደይ ለተ ከገንዳው ሳትነሳ።

"ተገላገለች።"

"ምን?"

"ሴት።"

"እንኳን ማርያም ማረቻት። ጤና ናቸው?"

"ጤና ናቸው።"

"ተመስገን።"

ሃየሎም ቁልፉን በመዳፉ ጨበጠ። ዞሮ ወደ ብረቱ በር ሄደ። ኣደይ ለተ ተነሳች፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ቀስ ብላ። ቀድማው በሩ ላይ ደረሰች፣ ቆመች።

"አራግፍ" አለችው።

ሃየሎም ወደ ዳናይት ዞረ። ዳናይት ሊጧን ገለበጠች፣ በቡጢዋ መታችው፣ እንደገና ገለበጠችው። ከአሥር ሴት አንዷም አልሳቀችም። ማቡካቱ ግን ቆሟል፣ ከዳናይት በቀር።

ሸሚዙን በሁለት ጣቱ ያዘ። አራገፈው። የደረቀ ጭቃ ረገፈ።

"መዳፍ።"

ዘረጋ። ቀዩ ሲባጎና ቁልፉ መዳፉ ላይ ናቸው። ኣደይ ለተ ጎንበስ ብላ አየቻቸው፣ ጊዜ ወስዳ፣ እሱ ጥፍሯን ያየበትን ያህል።

"ይሄ የኛ አይደለም" አለች። "ይዘኸው ውጣ።"